«ጤዛ» ስም ይሆናል ወይ?
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሒሳቡ ሪፖርት በኋላ ጥቂት እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁት እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ወደ አርባ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህም የእድራችሁ ጸሐፊ ሆኜ የእናንተን ስም እጽፋለሁ። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው ስለ ስም ነው።

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልል ተባለ፣ ገንፎው ተበላ። በሦስተኛው ቀን «ስሟን ማን ልትሉ ነው?» ብዬ ብጠይቅ «ጤዛ» አለችኝ። ጆሮዬ ነው ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። ያው ነው፤ ጤዛ።

ጤዛን የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሣሩም ይቀዘቅዝና ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ከብት ስናግድ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት የሚያረጥበው እሱ ነበር። ረፋዱ ላይ ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ባለቤቴ ይህን አስባ «ይኼ ስም ነው ወይስ ሟርት?» ብላ ተቆጣች።

መቆጣቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄና ባሏ የዚሁ እድር አባሎች ስለሆኑ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በ2012 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው በተወለደ በስድስተኛው ቀን አረፈ። ገና ስም አልወጣለትም ነበር። መዝገባችንን ገልጣችሁ ብታዩ «የአባል ልጅ፣ ሕፃን» ይላል። በስሙ ቦታ ላይ ሰረዝ አለ። ሰረዙን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አያቱ።

እንግዲህ በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለ ኀዘን ካለፈ በኋላ ለሚወለድ ልጅ ማስረሻ፣ ምትኬ፣ ካሣነሽ እየተባለ ይወጣል። እኔም ካሣነሽ ትባል ብዬ አቀረብኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ እሷ የማንም ካሣ አይደለችም» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ቀጥላ ደግሞ ተከራከረችኝ። ዝናቡን ዘነበች ብለን ስም አድርገናል፣ ፀሐይ የምትባል ሞልታለች፣ እቴጌ ጣይቱም ስማቸው ፀሐይ ማለት ነው፤ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ታዲያ ጤዛ ምን አጠፋች? አለች። ባለቤቴም «ፀሐይማ ጤዛን የምታጠፋት ናት!» ብትላት «በማግስቱ ጠዋት ትመለስ የለም እንዴ?» አለች። በዚህ ሳንስማማ ሳምንታት አለፉ።

እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር ይከነክነኝ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና አዲስ ጸሐፊ ሳለሁ፣ አንዲት ወጣት ልትቀጠር መጣች። «ስምሽ?» ብላት «ደራርቱ» አለች። «ደራርቱ ብሎ ስም አለ እንዴ?» ብዬ ስቄ፣ ስሟን ያሳመርኩላት መስሎኝ «ደራሪቱ» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቱ ዝም አለች። ምን ትበል? ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኋላ የትምህርት ማስረጃዋና የደመወዝ መዝገቡ አልገናኝ ብሎ፣ ምስክር ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ከረመች። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ።

በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ መሆኗ ነው። ያን ቀን አገር በሙሉ ስሟን ጠራ፤ «ይኼ ምን ዓይነት ስም ነው?» ያለ ሰው አልሰማሁም። በኦሮምኛ ከማበብ የመጣ ስም እንደሆነም ያኔ ነው የተነገረኝ። እንግዳው ጆሮዬ እንጂ ስሙ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ስል ማንኛውም ስም ይሆናል ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር የልጅ ስም ከአባቱ ስም ጋር አብሮ ስለሚጠራ ገጥሞ ማየት ያስፈልጋል። አባትየው ተረሳ ቢባል፣ ልጅቷን ፍቅር ካላችኋት «ፍቅር ተረሳ» ልትባል ነው። የእኛ አማች ስሙ ታየ ስለሆነ «ጤዛ ታየ» ያምራል እንጂ አያስከፋም። የልጆች ፌዝም አለ። ትምህርት ቤት ስትገባ «ጤዛ ፈዛዛ» ማለታቸው አይቀርም፤ ይህንኑ ለልጄ ብነግራት «አንተንስ ምን ይሉህ ነበር?» አለችኝ። እሱን እዚህ አልናገርም።

አንድ ቀን ማታ ደጅ ወጥቼ እናት ልጇን እንደምትጠራ «ጤዛ! ነይ ግቢ!» ብዬ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ «ማንን ነው የሚጠሩት አባባ?» አለችኝ። የልጅ ልጄን ብላት «ማሻ አላህ፣ ደግ ስም ነው» አለች። እፍረቴ ለቀቀኝ።

የቀረኝ ዘዴ ለመዝገብ አንድ፣ ለቤት አንድ ስም እናውጣ ማለት ነበር። ግን ያቺ እናታችን ያረፉ ጊዜ የሆነውን አስታወስኩ። ሰፈሩ በቅጽል ስማቸው ብቻ ነበር የሚያውቃቸው። ጥሩምባ ነፊው በመዝገቡ ስም ሲጠራ ሰው «የማናውቃቸው ናቸው» ብሎ ወደየሥራው ሄደ፤ ቀብር ላይ የተገኘነው ከሃያ አንበልጥም። ሰው ወደ ለቅሶው ቤት የጎረፈው ማታ ነው፣ እያፈረ። ስለዚህ ሁለት ስም የሚለውን ሐሳብ ተውኩት። ባለቤቴም ምንም ሳትል አንድ ቀን ሕፃኗን ስታጥብ «ጤዛዬ» ስትላት ሰማሁ።

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። የልደት ምዝገባ በዘጠና ቀን ውስጥ መሆን ስላለበት፣ ከዚያ በኋላ ስም ለማስለወጥም ፍርድ ቤት ስለሚያስኬድ፣ አባቷ ሳይውል ሳያድር ወደ ወረዳው ሄደ። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት አለኝ። ስሙን ስትሰማ ቀና ብላ፣ ቁራጭ ወረቀት ሰጥታ «እንዳልሳሳት እስቲ ራስዎ ይጻፉልኝ» አለችው። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ማድረግ ምን ያቅተኝ ነበር?

ትናንት ማታ በእድራችን የቤተሰብ ዝርዝር ላይ «ጤዛ ታየ» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። «የ2012ቱን ገጽ አሳየኝ» አለችኝ። አሳየኋት። ሰረዙን ብዙ አየችውና «ለእሱም ያሰብኩት ስም ነበረኝ» ብላ ነገረችኝ።

ደንባችን የተዘጋ ገጽ አይነካም ይላል። እኔም እስከ ዛሬ ነክቼ አላውቅም። ስሙን በእርሳስ ጽፌዋለሁ። በቀለም እንድጽፈው ጉባኤው ይፈቅድልኝ ዘንድ፣ እንደ እሱ በሰረዝ የተመዘገቡ የሌሎች አባሎች ሕፃናትም ካሉ ወላጆቻቸው መጥተው ስም ያስጽፉ ዘንድ እንዲወሰን በትሕትና እጠይቃለሁ።