የእንግሊዝኛ ተማሪና የደራሲነት ሙያ



በየትምህርት ቤቱ አንድ ዐይነት ተማሪ አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል፤ መምህሩም ድርሰቱን ለጓደኞቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ከዚህም የተነሣ ከዕለታት አንድ ቀን፣ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርብና «መምህር፣ እንግሊዝኛ ተምሬ በጽሕፈት እንጀራዬን መብላት እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን ብዙ መምህር ከሰዋስው ጥያቄ ሁሉ ይልቅ በዚህ ይቸገራል።

ለዚህ ጥያቄ በተለምዶ ሁለት መልስ ተዘጋጅቶ ይቆያል። አንደኛው «በርታ፣ ተሰጥዎ አለህ፤ ታላቅ ደራሲ ትሆናለህ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ልጄ፣ ድርሰት እንጀራ አይሆንም፤ የሚረባህን ተማር» የሚል ነው። ሁለቱም ከቅን ልብ ይመጡ ይሆናል፤ ሁለቱም ግን ተማሪውን ባዶ እጁን ይሰድዱታል። የፊተኛው መንገዱን ሳያሳይ ያስነሣዋል፤ የኋለኛው መንገድ መኖሩን ይክደዋል። የዚህ ንግግር አሳብ ከሁለቱ የተለየ እውነተኛ መልስ እንዳለ፣ ያም መልስ በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ በሥራ የተፈተነ መሆኑን ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ደራሲ ለማውጣት የተቋቋመ አይደለም፤ አንባቢ፣ መምህርና ሐያሲ ለማውጣት የተቋቋመ ነው። ተማሪው ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች ስለ ጻፉት መጽሐፍ፣ ሌሎች ሰዎች ባወጡት ጥያቄ፣ በተወሰነ ሰዓት መልስ መስጠትን ይለማመዳል። ይህ ልምምድ ያለ ጥርጥር ጥቅም አለው፤ ዐረፍተ ነገርን መመርመርና የአንዱን ቃል ጠባይ ከሌላው መለየት ያስተምራል። ደራሲ ግን ማንም ሳይጠይቀው የሚጽፍ ሰው ነው። ጥያቄውንም መልሱንም፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ራሱ ማውጣት አለበት። ስለዚህ በፈተና አንደኛ ሲወጣ የኖረው ልጅ ዲግሪውን ይዞ ከነጭ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ እጁ ቢታሰር አያስደንቅም፤ ጠያቂ የለማ።

ይህን ነገር ከማኬሬሬ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ቦታ በአካባቢያችን ማግኘት ያስቸግራል። በ1922 በካምፓላ የእጅ ጥበብ ማስተማሪያ ሆኖ የተጀመረው ይህ ትምህርት ቤት ከ1949 ጀምሮ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ የዚያን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚያሰጥ ኮሌጅ ሆነ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዝኛው ክፍል የሚያስተምረው የእንግሊዝን አገር ድርሰት ነበር። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከታንጋኒካ የመጡት ወጣቶች ሼክስፒርን ሲመረምሩ ይውሉ ነበር እንጂ ስለ ትውልድ መንደራቸው ጻፉ የሚላቸው የፈተና ወረቀት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ክፍል አጠገብ በ1958 «ፔንፖይንት» የምትባል የተማሪዎች መጽሔት ተመሠረተች። መጽሔቲቱ ትንሽ ነበረች፤ ለዲግሪ የምትጨምረው ነጥብም አልነበራትም። ሆኖም ከመማሪያው ክፍል ይልቅ ደራሲ ያወጣችው እርስዋ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1965 የክፍሉ መምህር ዴቪድ ኩክ ከማኬሬሬ ተማሪዎች ጽሑፍ መርጦ «ኦሪጅን ኢስት አፍሪካ» የተባለውን መድበል ሲያሳትም፣ የዚያ ሁሉ ልምምድ ፍሬ በአንድ ጥራዝ ታየ።

በ1959 ከኬንያ፣ ከሊሙሩ አገር፣ ጄምስ ንጉጊ የሚባል ወጣት ወደዚህ ኮሌጅ ገባ። በኋላ ዓለም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ብሎ ያወቀው፣ በግንቦት 2025 በ87 ዓመቱ ያረፈው ደራሲ እርሱ ነው። የጽሕፈት ሥራው አጀማመር ለመምህራን ሊነገር የሚገባው ነው። ንጉጊ አንድ ቀን የመጽሔቲቱን አዘጋጅ፣ ጆናታን ካሪያራን አስቁሞ፣ አጭር ልቦለድ እንደ ጻፈና እንዲያይለት እንደሚፈልግ ነገረው። አዘጋጁም በደስታ ተቀበለው። ነገሩ ግን ሐሰት ነበር፤ ንጉጊ የጻፈው ልቦለድ አልነበረውም። ቃሉ ስላሰረው ግን ሄዶ መጻፍ ግድ ሆነበት፤ «የሾላው ዛፍ» የተባለው አጭር ልቦለዱም እንዲህ ተወልዶ በ1960 በፔንፖይንት ታተመ። እርግጥ መምህር ሐሰትን ሊያበረታታ አይገባውም። ይሁን እንጂ ያ ወጣት ያገኘውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ የሚጠብቀው አንባቢ፣ የሚያፍርበት ሰውና የማያልፈው ቀን አገኘ። እነዚህን ሦስቱን የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተከታተለ። በ1961 የምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ ላወጣው የልቦለድ ውድድር አንድ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጀ። በሰኔ 1962 የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ በማኬሬሬ ሲሰበሰብ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በአጫጭር ልቦለዶቹ ምክንያት ተጠርቶ ገባ። በዚያም የሁለተኛውን ረጅም ልቦለዱን ጽሑፍ ለናይጄሪያዊው ለቺኑዋ አቼቤ አሳየው፤ በአቼቤም በኩል ወደ ሃይነማን አሳታሚዎች ደረሰ። ያ መጽሐፍ በ1964 ታተመ። ለውድድሩ የተጻፈው የመጀመሪያው ደግሞ ከብዙ እርማት በኋላ በ1965 ወጣ፤ ኋለኛው ፊተኛ ሆነ ማለት ነው። በዚያው በ1962 የጻፈው ተውኔት በዩጋንዳ ብሔራዊ ቲያትር ታይቷል። ይህ ሁሉ ዲግሪውን ሳይዝ የተጀመረ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ዐይኑ የሚያርፈው በጉባኤውና በታላቁ ደራሲ ላይ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ብዙም የማይወራለት ክፍል ነው። ንጉጊ በተማሪነቱ ዘመን ከ1961 ጀምሮ ለናይሮቢ ጋዜጦች ዐምድ ይጽፍ ነበር። የጋዜጣ ዐምድ ስፋቱ የተለካ፣ ቀኑ የተቈረጠ፣ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ጸሐፊውም መንፈሱ እስኪነሣሣ መጠበቅ አይችልም። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ጊዜ በጋዜጠኝነት ሠርቶ በ1964 ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ የማስተርስ ዲግሪውን ሳይፈጽም፣ በ1967 የታተመውን ሦስተኛውን ታላቅ ልቦለዱን ፈጽሞ ተመለሰ፤ ከዚያም በናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እንጀራውን ከልቦለድ ብቻ አልጠበቀም። አቼቤም ቢሆን በዚያ ጉባኤ በተገኘ ጊዜ በናይጄሪያ ራዲዮ ሹም ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። አንድ ልቦለድ በ300 ብር ይሸጣል እንበል። ደራሲው ከመቶ 10 ይደርሰዋል እንበል። 2,000 ቅጂ ቢሸጥለት 60,000 ብር ያገኛል። መጽሐፉን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ከወሰደበት ለአንድ ወር የሚደርሰው 1,667 ብር ያህል ነው። የቤት ኪራይ፣ የጤፍ ዋጋና የልጆች ልብስ በዚህ አይሸፈንም። ይህን ስሌት ለተማሪው በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት ተስፋ ማስቈረጥ አይደለም። ተስፋ የሚያስቈርጠው ስሌቱን በሠላሳ ዓመቱ፣ ዕዳ ገብቶ፣ ብቻውን ሲደርስበት ነው።

ስለዚህ የደራሲነት ዕቅድ ሁለት ክንድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ክንድ እንጀራ የሚያመጣ፣ አንዱ ክንድ የሚጽፍ። የእንግሊዝኛ ተማሪ በዚህ በኩል ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ትርጉም፣ ጋዜጣ፣ ራዲዮ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት፣ የአሳታሚ ቤት እርማት ሁሉ የቋንቋ ሥራ ናቸውና። መምህርነትስ? እዚህ ላይ ተሰብሳቢው ሁሉ ምስክር ስለ ሆነ ነገሩን መሸፋፈን አይቻልም። መምህርነት ለደራሲ ረጅም የክረምት ዕረፍትና በየቀኑ የሰው ልጅ ጠባይ የሚታይበት መድረክ ይሰጣል። ነገር ግን ለጽሕፈት የሚያስፈልገውን ያንኑ ጉልበት ይበላል። ሃምሳ ደብተር በቀይ ቀለም ሲያርም ያመሸ ሰው፣ የራሱን ወረቀት ሲዘረጋ እጁ የሚያውቀው ስሕተት መፈለግን ብቻ ነው። ከዚህ አንጻር ከቋንቋ የራቀ ሙያ አንዳንድ ጊዜ ይሻላል። ኬንያዊቷ ግሬስ ኦጎት የተማረችው ነርስነትን ነበር፤ የመጀመሪያው ልቦለድዋ በ1966 ወጣ። ንጉጊ በማኬሬሬ ያጠናው ጆሴፍ ኮንራድም በትውልዱ ፖላንዳዊ ነው፤ እንግሊዝኛን የተማረው ከሃያ ዓመቱ በኋላ ነው፤ ኑሮውም በነጋዴ መርከብ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1895 ሲታተም ዕድሜው 37 ነበር። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ መምህርም ይህን ቊጥር ለራሱ ቢይዘው የሚከለክለው የለም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር መድረስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የቋንቋ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛ ተማሪ በምን ቋንቋ ይጻፍ? ዩጋንዳዊው ኦኮት ፕቢቴክ ታላቁን ግጥሙን በእናቱ ቋንቋ በአቾሊ ጽፎ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እንግሊዝኛው በ1966 ታተመና በዓለም ተነበበ። ሶማሊያዊው ኑሩዲን ፋራህ በሕንድ አገር ሲማር በእንግሊዝኛ የጻፈው ልቦለድ በ1970 ወጣ፤ የሶማሊኛ ጽሕፈት በ1972 በመንግሥት ከተወሰነ በኋላ ግን በ1973 በቋንቋው በጋዜጣ ተከታታይ ልቦለድ ጀመረ፤ ሳንሱር አቋረጠው። ከኢትዮጵያውያን አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን በቸሃ ጻፉ፤ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1964 ታተመ፤ በ1969 ግን «አፈርሳታ»ን በቀጥታ በእንግሊዝኛ አወጡ። አቶ ዳኛቸው ወርቁ በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ጥበብን ተምረው በአማርኛ «አደፍርስ»ን፣ በ1973 ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን ለአንባቢ ሰጥተዋል። ከእነዚህ አንዱም እንኳ እንግሊዝኛን የእናቱን ቋንቋ መሰናበቻ አላደረገውም።

ንጉጊ ከሁሉም ርቆ ሄደ። በ1968 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በናይሮቢ የእንግሊዝኛ ክፍል እንዲቀርና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መካከለኛውን ስፍራ እንዲይዝ ጽሑፍ አቀረበ። በ1977 ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በጊኩዩ የጻፈው ተውኔት በካሚሪቱ መንደር በገበሬዎችና በሠራተኞች ተሠራ። እንግሊዝኛ መጻሕፍቱ ያላስከተሉትን ቅጣት ይህ አስከተለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታስሮ አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ተቀመጠ፤ በእስር ቤትም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልቦለድ ጻፈ፤ ከተፈታ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ወንበሩን አላገኘም። ይህን ለተማሪ መንገር እንዲፈራ አይደለም፤ ቋንቋ መምረጥ አንባቢን መምረጥ መሆኑን፣ ቅርብ ያለ አንባቢም ከሩቁ ይልቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። ይህን ምርጫ በመምህሩ ትእዛዝ ሳይሆን በራሱ ፈቃድ ማድረግ አለበት። እስከዚያ ድረስ ሁለት ደብተር ይያዝ፤ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በቤቱ ቋንቋ። ከአንዱ ወደ ሌላው መተርጐም ሁለቱንም ያጠራል፤ ከዚህም በቀር ነገ የሚከፈልበት ሙያ ነው።

ለትምህርት ሹማምንት የሚቀርበው ልመና ትንሽ ነው። በየማሠልጠኛው አንዲት መጽሔት ትኑር፤ ዐሥራ ስድስት ገጽ ብትሆንም ይበቃል። አዘጋጁ ተማሪ ይሁን፤ የምትወጣበትም ቀን አይለወጥ። ዛሬ በስልክ መጻፍና ማሠራጨት ቀላል ስለ ሆነ ይህ አያስፈልግም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ስልኩ «ይህ አንቀጽ አልበሰለም፣ መልሰህ ጻፈው» ብሎ ጽሑፉን የሚመልስ አዘጋጅ አይሆንም፤ የጎደለውም እርሱ ነው። የወረቀቱና የማባዣው ወጪ ለአንድ የስፖርት በዓል ከሚወጣው አይበልጥም።

ደብተሩን በብብቱ ይዞ የቆመው ልጅ ግን መጽሔቲቱ እስክትቋቋም ሊቈይ አይችልም። መምህሩ ስሌቱን ያሳየው፤ የሚያበላውን ሙያ አብሮት ይምረጥ፤ ስለ ተሰጥዎ ለጊዜው አይናገር። ከዚያ በኋላ ማንም ያላዘዘውን አራት ገጽ ጽፎ በሚመጣው ዓርብ ከደወል በኋላ እንዲያመጣ ይቅጠረው። ዓርብም ሲደርስ መምህሩ ራሱ ከክፍሉ አይጥፋ።