በጥጥ ለቀማ ላይ ስለሚሰማሩ ሕፃናት



በአንኮበርና በአካባቢው ደጋ የበልግ ዝናብ ሲቀር ጎተራው ከመኸር በፊት ይራቆታል። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች ችግር ያስወረደው ደገኛ የቀን ሥራ ከሚያገኝባቸው ቦታዎች መካከል ነበሩ።

የለቀማ ዋጋ የሚታሰበው በኪሎ ነው፤ ሚዛን ደግሞ የለቃሚውን ዕድሜ አይጠይቅም። ልጁ የለቀመው ጥጥ ከአባቱ ጆንያ ገብቶ በአባቱ ስም ይመዘናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ቃሉም ግልጽ ነው። ነገር ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለን ልጅ ተቆጣጣሪው ከቢሮ ሆኖ ሊያገኘው አይችልም፤ መቆም ያለበት ከሚዛኑ ዘንድ ነው።

ለቀማው ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ስለሚውል፣ የርዳታው እህል ቤተሰቡ ቆላ ከመውረዱ አስቀድሞ፣ ቢዘገይ በመስከረም፣ ደጋው ላይ ሊደርስ ይገባል።