ቶሎ የሚጠገን ሮቦት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የሮቦት ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



ሮቦታችንን ያያችሁ ሁሉ «ምን ያህል ይፈጥናል? ምን ያህል ያነሣል?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። እኛ ግን ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በተሰበረ ጊዜ በስንት ደቂቃ ይጠገናል የሚለው ነው።

ፈርስት ግሎባል የተባለው የወጣቶች የሮቦት ውድድር በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ የኢትዮጵያ ቡድንም ተካፋይ ነበር። ለየአገሩ የተሰጠው የዕቃ ሣጥን አንድ ዓይነት ነው። ሦስት ሮቦቶች ከሦስት ጋራ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ግጥሚያም ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ይፈጃል። በዚህች አጭር ጊዜ መጋጨት አይቀርም፤ የሚቀጥለው ግጥሚያ ደግሞ የተሰበረውን ቆሞ አይጠብቅም።

በሰፈራችን በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ጎማ የፈነዳበትን የታክሲ ሹፌር ተመልከቱ። መንገድ ዳር ተቀምጦ ጎማ አይለጥፍም። በክሪክ አንሥቶ፥ ዳዶዎቹን ፈትቶ ተቀያሪውን ያስገባል፤ የፈነዳውን በኋላ ለጎሚስታ ይሰጣል። የእኛም አሠራር ከዚሁ የተቀዳ ነው። ሞተሩን፥ ጥርሱንና ጎማውን አንድ ላይ አስረን እንደ አንድ ዕቃ አድርገነዋል፤ አራት ብሎንና አንድ ሶኬት ሲፈታ ሁሉም በአንድነት ይወጣል፤ የተዘጋጀው ተተኪ ይገባል። የተበላሸው ማታ በርጋታ ይታያል። ብሎኖቹ ሁሉ አንድ ልክ ስለ ሆኑ አንድ ቁልፍ ይበቃል። ቁልፉንም በገመድ ከሮቦቱ ጋራ አስረነዋል፤ ቁልፍ የሚጠፋው በተፈለገ ጊዜ መሆኑን ወላጆቻችን ያውቃሉ! ሽቦዎቹ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ሲጎተቱም እንዳይበጠሱ ጥቂት ላላ ተደርገዋል።

«ከመጠገን ይልቅ እንዳይሰበር አድርጋችሁ ለምን አትበይዱትም?» የሚሉን አሉ፤ በክበባችንም ውስጥ ብዙ ያከራከረን ይህ ነው። ብየዳ መጽናቱን አንክድም። ነገር ግን የተበየደ ክንድ ቢጣመም መጋዝና መበየጃ ያስፈልገዋል። ከዚህም የባሰው፥ ክንዱ እንቢ ያለው ምት ዞሮ የሞተሩን ጥርስ ይሰብራል። ስለዚህ በክንዱና በሞተሩ መካከል ርካሽ የፕላስቲክ ካስማ አስገብተናል፤ በቤታችን ፊውዝ ተቃጥሎ ሌላውን ዕቃ እንደሚያድን፥ ይህም አስቀድሞ ተሰብሮ ሞተሩን ያድናል። የሞተር መለዋወጫ ከውጭ አገር እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ካስማውን ግን እዚሁ ቆርጠን እንሠራዋለን።

መፍትሔ ያላገኘንለት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይኸውም ሮቦቱን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ነው። ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ተተኪ የለውም። ለጊዜው ከጠርዝ አርቀን መካከል ላይ በስፖንጅ ጠቅልለን አስቀምጠነዋል፤ ሲግል ስለምናየው በዚህ ሁላችንም አልተስማማንም። ለልምምድ የሚሆን ሞተርና ጥርስ በአሮጌ የኮምፒዩተር ማተሚያ ውስጥ ይገኛልና፥ በቤታችሁ የተበላሸ ያላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ወደ ክበባችን እንድትልኩልን በአክብሮት እንለምናለን።