ስለ መብል ንጽሕና ሕግ

አቅራቢው፦ በ2002 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 661 የተካው፣ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት አስተዳደር የተደነገገው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112፣ ምንም እንኳ የተበረዘ መብል ማምረትንና መሸጥን ቢከለክልም፣ በእንጀራ ጄሶ፣ በበርበሬ የሸክላ ዱቄት ተገኘ መባሉ ስላልቀረ፣ ሕጉ ዳግመኛ ይመርመር ማለት ሠናይ ምክር ይመስለኛል።

አቅራቢዋ፦ እኔ ግን፣ ወንድሜ፣ ጉድለቱ ከቃለ ሕጉ ይልቅ ከአፈጻጸሙ ነው ባይ ነኝ፤ ሸክላ ፈጭቶ ከበርበሬ የሚቀላቅል ሰው፣ ኅሊናውን የሸጠው አንቀጽ ጠፍቶ ሳይሆን ተቆጣጣሪ እንደማይደርስበት ተማምኖ ነውና።

አቅራቢው፦ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ተቆጣጣሪውም ቢሆን በዓይኑ አይቶ የሚለየው ጥቂቱን ነው፤ በለውዝና በበቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ፣ ለዓይን የማይታይ፣ በማብሰልም በቀላሉ የማይጠፋ በመሆኑ፣ ያለ ቤተ ሙከራ አይታወቅም።

አቅራቢዋ፦ እንግዲያውስ ሕጉ ዳግመኛ ሲረቀቅ ምክር የሚጠየቀው ማን ነው? ባለ ፋብሪካውማ ጠበቃ አለው፤ በጉሊት ተቀምጣ ቅቤ የምትመዝነው፣ ከሌሊት ተነሥታ እንጀራ የምትጋግረው እናት ግን፣ ለስብሰባ ብትጠራ የዕለት ገቢዋ ይቀርባታል፤ ረቂቁም በሕግ ዐዋቂዎች ልሳን ቢነበብላት ምሥጢሩ አይገለጽላትም። ከዚያ በኋላ “ሕዝብ ተወያይቶበታል” ተብሎ ይጻፋል!

አቅራቢው፦ እንግዲህ፣ ሕግ አርቃቂዎች ሆይ፣ ባለ ጉዳዩን ወደ አዳራሽ ከመጥራታችሁ አስቀድሞ ወደ ገበያው ውረዱ፤ ረቂቁንም በየአገሩ ቋንቋ አንብቡለት።