ግንቦት ላይ ጥላው ወዴት ነው?

ሚያዝያ 11 ቀን በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ተግባር ትምህርት አንድ ነገር በል ስባል መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ደስ ያለኝ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ካሉ ልጆች ጋር ስለሆነ ነው። የደነገጥኩት ደግሞ በቅንነት ልናገር ካልኩ ከአንድ ጥፋቴ መጀመር ስላለብኝ ነው። ያው ፔዳ ግቢ አብረን ሽሮ የበላን ሰዎች ፊት ካልተናገርኩት የት እናገረዋለሁ?

ከዚህ ግቢ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሱሪዬ የተተኮሰ፣ ማስታወሻዬ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈ፣ አዲስ መምህር ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ስለ አቅጣጫ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለምትገኝ እኩለ ቀን ላይ ጥላችን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል።» ልጆቹ መገልበጥ ጀመሩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ጠዋት ከብት አግዶ ከሰዓት የሚማር ልጅ ነው፤ ከብቱን ውሃ የሚያወርደው ጥላ እያየ ነው። «ጋሼ፣ በግንቦት እንዲህ አይደለም። በግንቦት ጥላ ወደ ጣና አይሄድም፣ ወደ መርዓዊ ነው» አለኝ።

ምን ብዬ መለስኩ? «ተቀመጥ! አንተ ከመጽሐፍ ትበልጣለህ?» ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። ያን ዓመት ሙሉ እጁን ዳግመኛ አላወጣም።

ዓመታት አለፉ፤ ወደ ከተማ ተዛወርኩ። አንድ የግንቦት ቀን ተማሪው ለምሳ ወጥቶ ግቢው ጭር ባለ ሰዓት በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አጠገብ ሳልፍ ዝቅ ብዬ አየሁ። አንድ እርምጃ የማይሞላ አጭር ጥላ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተጋድሟል። ጣና ያለው በሰሜን ነው። ጥላው ወደ ደቡብ ነው። ወደ መርዓዊ! እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስንት ክፍል አስገልብጫለሁ?

ሲሰላ ነገሩ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ውስጥ እስከ 23.4 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ወጥታ ትመለሳለች። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ታልፋለች፤ አንዴ ሚያዝያ 12 አካባቢ፣ አንዴ ነሐሴ 16 አካባቢ። በእነዚህ መካከል ባሉት አራት ወራት የእኩለ ቀን ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። እኔ የጻፍኩት ለካይሮ ልጅ ልክ ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ግን የዓመቱን ሲሶ ውሸት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሥራ አሠራለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ድንጋይ የታሰረበት ክር፣ ጠጠር፣ ሜትርና ሰዓት ነው። ክፍሌ ውስጥ ከ60 የማያንሱ ልጆች ስላሉ ስምንት ስምንት ሆነው ይቧደናሉ። አንዱ ክሩን እንደ ግንበኛ ቱምቢ ይዞ ዱላው ቀጥ ብሎ መቆሙን ያያል፣ አንዷ ሰዓት ትጠራለች፣ አንዱ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል፣ አንዷ ትለካለች፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ይከራከራሉ። መከራከርም ሥራ ነው። ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየአሥር ደቂቃው ጠጠር ይቀመጣል። በጣም አጭሩ ጥላ የወደቀበት መስመር ሰሜንና ደቡብን ያሳያል። ታኅሣሥ 12 ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጣና ነው፤ መጋቢት 12 ላይ 20 ገደማ ይሆናል። ግንቦት 15 ላይ 16 ያህል ነው፤ ግን ዞሯል።

መጀመሪያ የሠራን ቀን ሁለት ቡድኖች በአራት ሴንቲ ሜትር ተለያዩ። «ቲቸር፣ የማን ነው ልክ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ሲጨቃጨቁ ቆይተው አንዲት ልጅ የመጠጥ ውሃዋን ከዱላዎቹ ሥር አፈሰሰች። የአንዱ ቡድን ውሃ ባለበት ሲቆም የሌላው ቁልቁል ሄደ። መሬቱ ተዳፋት ኖሯል። ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

ሌላው የገረማቸው ሰዓቱ ነው። አጭሩ ጥላ 6፡00 ላይ ሳይሆን 6፡30 ገደማ መጣ። «የቲቸር ሰዓት ተበላሽቷል!» አሉ። ሰዓቴ ደህና ነበር። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በኩል ነው። እኛ ከዚያ ወደ ምዕራብ 7.6 ዲግሪ ያህል እንርቃለን፤ ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። አባዙት። ይህን ያሰላው ሒሳብ ይጠላ የነበረ ልጅ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አይደለም፣ የክፍሉ አንደኛ ነው።

ባልደረቦቼ «ሲለበስ አያልቅልኝም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ይህ ሥራ በዓመት አራት ቀን ነው የሚወስደው፣ ያውም ግማሹ ከምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔን ይልቅ የሚያናድደኝ ፔዳጎጂካል ሴንተር እያልን የምንጠራው ክፍል ነው። በካርቶን የተሠራ ልብ፣ በጭቃ የተሠራ ተራራ፣ ሁሉም አቧራ ለብሶ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። ደግሞ እጅ የነካው ሁሉ የተግባር ትምህርት አይደለም። ሎሚ ላይ ዚንክና መዳብ ሰክቼ ኤሌክትሪክ አሳይ ነበር፤ ልጆቹ ኤሌክትሪኩ ያለው ሎሚው ውስጥ ነው ብለው ይወጣሉ። ኃይሉን የሚሰጠው ግን ቀስ በቀስ የሚበላው ዚንኩ ነው። ማየቱ ጥሩ ነበር፤ መጠየቂያ ግን አልሰጠኋቸውም። እሱን ትቼዋለሁ።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። የምሰሶውን ጥላ ካየሁ በኋላ ወደ ድሮው ትምህርት ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። ስምንተኛን ጨርሶ ከአካባቢው ወጥቷል አሉኝ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስሙን አስታውሰዋለሁ፣ እዚህ አልጠራውም። ግንቦት ላይ ጥላው ዞሮ ልጆቹ ሲጮሁ፣ ይህን ቀድሞ የነገረኝ አንድ ተማሪ እንደነበርና እኔ ተቀመጥ እንዳልኩት እነግራቸዋለሁ። «ይቅርታ ጠየቁት?» ይሉኛል። «አላገኘሁትም» እላለሁ። ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ነገ ሚያዝያ 12 ነው። ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ዱላ ተክያለሁ። ደመና ካልመጣብን 6፡30 አካባቢ ጥላው ጨርሶ ይጠፋል። 6፡10 ላይ እንገናኝ። ባርኔጣ ያዙ፣ ጠጠሩን እኔ አመጣለሁ። ልጆቻችሁንም አምጧቸው፤ የሚለኩት እነሱ ናቸው፣ እኛ ዳር ቆመን እናያለን።