ለዳገት መሬት የሚስማማ የድርቆሽ ሬክ ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን የመስከረም ወር ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ሙሉ ቃሉ እዚህ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው ክረምቱ ወጣ ሲል በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላም ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ሣር ላይ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ካመለጠን፣ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ላሞቻችን የሚጠብቃቸው የገብስ ጭድ ነው። የገብስ ጭድ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡት አይሞላም። ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ አባላት «ገንዘብ አዋጥተን በትራክተር የሚጎተት የድርቆሽ ሬክ እንግዛ» የሚል ሐሳብ አቅርበው ኮሚቴው አጥንቶ እንዲመጣ ታዞ ነበር። እኛም አጥንተን ቀርበናል።

ሰው መጨረሻውን ሲጠብቅ እንዳይሰለች መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ለዳገቱ መሬታችን የትራክተር ሬክ አይሆንም። የሚሆነው ከእንጨት የተሠራ፣ ቀላልና ሰፊ የእጅ ሬክ ነው። የታችኛው ሜዳ ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መቼም ስለ ሬክ ስናነሣ የ2011 ዓ.ም.ን አጨዳ ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም። በዚያ ዓመት ይኸው ማኅበር ከአንድ ሱቅ ለግቢ ቅጠል መጥረጊያ የሚሆኑ፣ ጥርሳቸው ቀጭን ብረት የሆነ ሬኮች ገዝቶ ለአባላት አከፋፍሎ ነበር። ቀላልና ርካሽ ስለ ነበሩ ሁላችንም ደስ ብሎን ወሰድናቸው። ሣሩ ግን የግቢ ቅጠል አይደለም። ጥርሱ ከድንጋይና ከጉቶ ጋር ሲታገል እየተሰበረ ድርቆሹ ውስጥ ቀረ። በየካቲት ወር የአንዲት እናታችን ላም መብላት አቆመች፤ ጀርባዋ ጎበጠ፣ ደረቷ ሥር አበጠ፣ ወተቷ ጠፋ። ሐኪም ቢመጣም አልተረፈችም። ስትከፈት ከጨጓራዋ አልፎ ወደ ልቧ የገባ፣ ጣት የሚያህል የሽቦ ስባሪ ተገኘ። ላም እንደ ፍየል መርጣ አትበላም፤ በምላሷ ጠቅልላ፣ ብዙም ሳታኝክ ትውጣለች። ሽቦ ከሆዷ ከገባ የልቧ ነገር አደጋ ላይ ነው። ያቺ ላም የቤቱ መተዳደሪያ ነበረች። ሬኩን መርጠን የገዛን እኛ ኮሚቴዎቹ ስለ ነበርን ጥፋቱን በሌላ ላይ አንጥልም። ዛሬ ረዘም አድርገን የምንናገረውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሬክ ምን ይሠራል? ሣሩን ያገላብጣል፣ ከዚያም በመስመር ይሰበስባል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለምለም ሣር ሲታጨድ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው ውሃ ነው። ተከምሮ እንዳይሻግት ይህ ወደ 15 ገደማ መውረድ አለበት። ሳይደርቅ የተከመረ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ባስ ሲልም ክምሩ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ከመጠን በላይ ደርቆ የተነካ ደግሞ ቅጠሉ ይረግፋል። በተለይ ማገጥ የበዛበት ሣር እንዲህ ነው። ወተት የሚሆነው የማገጡ ቅጠል ሆኖ ሳለ፣ ሬክ ጠንከር አድርጎ ሲመታው ቅጠሉ መሬት ላይ ይቀርና ወደ ቤት የምንሸከመው ግንዱን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ሬክ ማለት ሣሩን በቀስታ የሚያነሣ፣ አፈርና ድንጋይ የማያግበሰብስ፣ ተሰብሮም ቢቀር ከብት የማይገድል ነው። ፍጥነት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ትራክተሩ እንምጣ። ኮሚቴው ያየው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ዙሪያቸውን የሽቦ ጣቶች የተተከሉባቸው ትልልቅ ክቦች መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሣሩን ወደ ጎን የሚጠርጉበት ነው። ከትራክተሩ የሞተር ኃይል አይወስድም፤ መጎተት ብቻ ይበቃዋል። አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋውም ከሌላው የሚቀል ነው። ጉድለቱ እንዲዞር የግድ መሬት መንካት ስላለበት አፈሩንም፣ ጠጠሩንም፣ ደረቅ እበቱንም አብሮ ያመጣል። ሣሩንም እንደ ገመድ ይገምደዋል፤ የተገመደ ሣር ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። ሁለተኛው ከትራክተሩ ኃይል እየወሰደ የሚሽከረከር ነው። ጣቶቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ሥራው ንጹሕ ነው። ግን ከባድና ውድ ነው፤ ሲበላሽም መለዋወጫ ፍለጋ የአጨዳው ወር ያልፋል።

ያም ሆነ ይህ፣ የሁለቱም ትልቅ ችግር ዳገቱ ነው። ትራክተር ዳገትን አግድም ሲሄድ የታችኛው ጎማ ጉድጓድ ቢያገኝ፣ ወይም የላይኛው ድንጋይ ላይ ቢወጣ፣ ሊገለበጥ ይችላል። በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ተራሮች ላይ ያሉ ገበሬዎች ለዚህ ሲባል ወርዱ ሰፊ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ ልዩ ትራክተርና ሰው ከኋላ ሆኖ የሚነዳው መኪና አላቸው። እነሱም ቢሆኑ በጣም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እስከ ዛሬ የእንጨት ሬክ ያነሣሉ። እኛ ደግሞ በዚያ ላይ እርከን አለን። በስንት ድካም የሠራነውን እርከን ጎማ ሲረግጠው ይናዳል፤ በእርከኑ ጫፍ ላይ የበቀለውን ጥሩ ሣርም ሰፊ መሣሪያ አይደርስበትም።

«የእኔ ማሳ እንኳ ያን ያህል ዳገት አይደለም» የሚል ይኖራል፤ በኮሚቴውም ውስጥ እንዲህ ያለ ነበር። በዓይን መገመት ስለሚያሳስት ልኩት። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ አንዱን ጫፍ ዳገቱ ላይ አስነክታችሁ ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ዘርጉት። የግንበኛ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ ጣውላው ቀጥ ሲል፣ ከተንጠለጠለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ለኩ። 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ ከመቶ 20 ነው። ውሃ ልክ የሌለው ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ግልጽ ጠርሙስ አጋድሞ መጠቀም ይችላል። ከመቶ 20 በላይ በሆነ ቦታ ላይ የማኅበሩን ገንዘብም ሆነ የማንንም ልጅ በትራክተር አንልክም፤ ይህ የኮሚቴው አቋም ነው። ከለካናቸው የላይኛው ሠፈር ማሳዎች ከዚህ በታች የሆኑት ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ የእጁ ሬክ የትኛው ይሁን? በየሱቁ የሚሸጠው አጭርና ወፍራም ጥርስ ያለው የብረት ሬክ ለአትክልት መደብ ማስተካከያ የተሠራ ነው። ጥርሱ አይሰበርም፤ ግን አፈር ይቆፍራል፣ ይከብዳልም። አፈር የገባበት ድርቆሽ ከብቱ ይጠየፈዋል፣ ጥርሱንም ይበላዋል። ብዙዎቻችን የምንይዘው መንሽም ቢሆን ለማንሣትና ለመከመር የሚወዳደረው የለም፤ ለመሰብሰብ ግን ጣቱ ጥቂት ስለ ሆነ ግማሹን ጥሎ ይሄዳል። መንሹን አትጣሉት፤ የሬክን ሥራ ግን አትጠይቁት።

የምንመክረው ይህን ነው። ጥርሶቹ የሚተከሉበት አግዳሚ እንጨት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ 14 ጥርስ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይተከልበታል። የጥርሱ ርዝመት ከአግዳሚው በታች 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ጫፉ ይድቦልቦል፤ ከሾለ መሬት ይወጋል። ለአግዳሚው ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመሰርሰርም አያስቸግርም። ለጥርሱ ወይራ ነው። ወይራውን ለሁሉም እናድርገው ያለ አናጢ ነበር፤ ሠርቶ ሰጠንና ሞከርነው፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ክንዳችንን ጨረሰው።

አንድ የአናጢ ምስጢር እንጨምር። ጥርሱ በደንብ የደረቀ፣ አግዳሚው ግን ትንሽ እርጥበት የቀረው ይሁን። አግዳሚው ሲደርቅ ይኮማተርና ጥርሱን ጨብጦ ይይዘዋል። ሚስማር ፈጽሞ አይምታበት! ሚስማሩ ነቅሎ ከወደቀ ወደ 2011ዱ ጣጣ መመለሳችን ነው። ጥርሱ በበጋው ድርቀት ቢላላ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ እንጨቱ አብጦ ይጠብቃል። ቢሰበርም በቢላ ጠርቦ መተካት ለማንም አይከብድም፤ ላሚቱም ብትውጠው እንደ ሽቦ አያሰጋም።

እጀታው 180 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርዘም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እጀታ ባጠረ ቁጥር ወገብ ይጎብጣል። ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ግን ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እጀታው ከአግዳሚው ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ከተያያዘ ግን ቶሎ ይወላልቃል። ስለዚህ ጫፉ ባላ የሆነ እንጨት ፈልጋችሁ ሁለቱን ቅርንጫፍ አግዳሚው ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ባላ ካልተገኘ ከግራና ከቀኝ ሁለት የእንጨት ደጋፊ ይሠራለት።

ደግሞስ ሬኩን የሚይዘው ማነው? ጎረምሶቹ ያጭዱና «ሥራችንን ጨረስን» ብለው ይሄዳሉ፤ ያልዋሸን እንደ ሆነ የሚያገላብጡትና የሚሰበስቡት እናቶችና ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ጥናታችን ላይ አንዲት እናት እንኳ አልጠየቅንም ነበር፤ ኋላ ስንጠይቅ «ስለ ጥርሱ ብዛት ሳይሆን ስለ ክብደቱ አስቡ» አሉን። የሬኩን ልክ ያስተካከልነው ከዚህ በኋላ ነው።

በዳገት ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይ ጀምሩ። እግራችሁን ዳገቱን አግድም አድርጋችሁ እየሄዳችሁ ሣሩን ወደ ቁልቁለቱ ሳቡት፤ ክብደቱ ራሱ ያግዛችኋል። መስመሩን በእርከኑ አግድም አሲዙት፤ ቁልቁል ከተሰመረ ዝናብ ቢመጣ ውሃው ይዞት ይወርዳል። ተራውን ሣር ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ አገላብጡ። ማገጥ የበዛበትን ግን ለመሰብሰብ ቀትርን አትጠብቁ፤ ቅጠሉ ገና ለስለስ ሳለ መስመር አሲዙትና በመስመሩ ላይ ይጨርስ። መድረሱን ለማወቅ ጭብጥ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፤ ግንዱ ሳይሰበር የሚተጣጠፍ ከሆነ አንድ ቀን ይቆይ።

«በእጅ ሬክ አጨዳው መቼ ሊያልቅ ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። ጥያቄው ትክክል ነው። በእጅ መሥራት ቀን ይፈጃል፤ ሰው ያነሰበት ቤትም አለ። መፍትሔ ብለን የምናቀርበው ደቦ ነው። የሁሉንም ሣር በአንድ ቀን ከማጨድ በየተራ ሆኖ፣ አንድ ቤት በሁለት ቀን ሊሰበስብ የሚችለውን ብቻ እንጨድ። አጭዶ መሰብሰብ ያቃተው ሰው ሣሩን ለዝናብና ለፀሐይ ሰጠው ማለት ነው። ሣሩ ግማሽ በግማሽ ሲያብብ መጀመር ነው እንጂ ፍሬ እስኪጥል መጠበቅም አያዋጣም።

ስለ ታችኛው ሜዳ በአጭሩ። እዚያ መሬቱ ደልዳላ፣ ድንጋዩም ጥቂት ስለ ሆነ በፈረስ የሚጎተት ሬክ ሊያገለግል ይችላል። በሁለት ጎማ ላይ የተሠራ፣ ረጃጅም ቆልማማ የብረት ጥርሶች ያሉት፣ ሲሞላ ነጂው በእግሩ ፔዳል ረግጦ የሚያራግፈው ዓይነት ነው። ጥርሱ ወፍራም ስለ ሆነ እንደ ቅጠል መጥረጊያው ቶሎ አይሰበርም፤ ቢሰበርም በዓይን ይታያል። የጋሪ ፈረስና የብየዳ ባለሙያ በሠፈራችን ስላሉ ከጋሪ አክሰል ላይ መሥራት ይቻል እንደ ሆነ እየጠየቅን ነው። የዋጋ ግምቱ ሲመጣ ለጉባኤው እናቀርባለን። እስከዚያ ግን የተዋጣው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት የእንጨት ሬክ ለማሠራት እንዲውል እንጠይቃለን።

ሦስት ናሙናዎች በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ የወይራውም አለ፣ ክብደቱን እዩት። እስከ እሑድ ድረስ ወስዳችሁ ሣር ላይ ሞክሩ። ስትመልሱ የሞከሩት እናቶች ያሉትንና የማሳችሁን ዳገት ልክ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። የ2011ዱን የሽቦ ሬክ እስከ ዛሬ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ እሱንም ይዞ ይምጣ፤ ለብየዳ ቤቱ እንሰጠዋለን።

የማኅበሩ ኮሚቴ