ማጫወቻውን ፈትቶ ስለ ማወቅ



የሸክላ ማጫወቻ የተሠራው ሌላው የተጫወተውን ለማሰማት ነው። ነገር ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በኒውዮርክ፤ በብሮንክስ ሰፈር፤ ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የተባለ ታዳጊ ሸክላውን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየፈተገ ማጫወቻውን ራሱን የሙዚቃ መሣሪያ አደረገው። ይህም ጥበብ ስክራች ይባላል።

ለዚህ ሥራ የታወቀው ቴክኒክስ 1200 ከባድም ውድም ነው። በእጅ የሚንጠለጠለው ትንሹ ማጫወቻ በባትሪ ይሠራል፤ ሆኖም ሦስት ችግር አለበት።

አንደኛ፤ ሞተሩ ደካማ ስለ ሆነ ሸክላው ሲያዝ ገበታው አብሮ ይቆማል። መድኃኒቱ ከሸክላው ሥር ስስ ጨርቅ፤ ከጨርቁም ሥር ለስላሳ ፕላስቲክ ማንጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሸክላው ቢያዝም ገበታው መዞሩን አይተውም።

ሁለተኛ፤ መርፌው ከመሥመሩ ይዘላል። በክንዱ ላይ ጥቂት ክብደት መጨመር ይረዳል፤ ሲበዛ ግን ሸክላውን ይበላል።

ሦስተኛ፤ ድምፁን ቶሎ የሚቆርጥ ነገር የለውም። ስለዚህ በድምፁ መውጫ ሽቦ ላይ ፌደር የሚሉት ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ይበየዳል።

ሀንዲ ትራክስ የተባለውን ስመ ጥር ትንሽ ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ቬስታክስ በ2014 ከስሯል። ፋብሪካው ሲዘጋ ዕቃው የሚኖረው ፈትቶ ማደስ በሚያውቅ እጅ ነው። የገዛነውን ዕቃ አሠራሩን ካላወቅን የእኛ አይደለም።

እንግዲህ የተበላሸ ማጫወቻ ያላችሁ አትጣሉት፤ ካቻቢቴ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንፍታው።